የጭብጦዋ ክርክር፦ አበጀ በለውን ከፊላደልፊያ ሰዎች ጋር ማንበብ

መርጡለ ማርያም ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ ዱላ ሲያነሣ፣ ሌላው «በሕግ አምላክ!» ይላል። ዱላው አየር ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይቆማል። በአጠገቡ ፖሊስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ የተጻፈ ነገርም የለም። ታዲያ ያ ዱላ በምን ቆመ? ከተመታ በኋላ መክሰስማ ማንም ያውቅበታል። የሚገርመው ሳይመታ በፊት መቆሙ ነው። ዱላው የጎረቤት ሳይሆን የመንግሥት ሲሆንስ? ያን ጊዜ «በሕግ አምላክ» የሚባለው ለማን ነው?

በአማርኛ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሱ ሁለት ተረቶች አሉን፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ይወጣሉ። አንደኛው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ነገሩ አለቀ፤ ሥልጣን እንደ ሰማይ ነው፣ ሞፈር አይደርስበትም። ሁለተኛው ደግሞ «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል። ይቺኛዋ ተረት ደፋር ናት። ክፉን የምትለካው በተወሰደው ዕቃ ዋጋ አይደለም፤ በቅሎና ጭብጦ በምንም ሚዛን አይገናኙም። የምትለካው በአወሳሰዱ ነው። ሕግ ካለው በቅሎዬን ውሰድ፤ ሕግ ከሌለህ ጭብጦዬን አትንካ። የሥልጣን ወሰን የሚባለው ነገር ከዚህ በላይ አጥሮ የተነገረበትን ቦታ አላውቅም።

እነዚህ ሁለት ተረቶች ፊት ለፊት ተገጣጥመው የሚታገሉበት አንድ መጽሐፍ አለን። እሱም ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን የምናስበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በሕዝቡ ዘንድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ ነው። ፖለቲካውን እንፈልግ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ በቀጥታ ወደ ጉዱ ካሣ ይሄዳሉ። ትክክል ናቸው፤ ካሣ ዳምጤ ይናገራል፣ ይተቻል፣ ይቆጣል፣ ለጥቅስ ይመቻል። እብድ መባሉ ራሱ ያስወድደዋል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መንግሥት በጥልቀት ያሰበው ጉዱ ካሣ ብቻ አይደለም። ንግግር የማያበዛው ገበሬ አበጀ በለው ስለ ሥልጣን የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ያን ነገር እኛ አንባቢዎች የልብ አንጠልጣይ ውጊያ አድርገን አንብበን አልፈነዋል።

እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሮቹ ከለመዱት ግብር በላይ ይጠይቃሉ። ባላገሮቹ ይመክራሉ፣ ይለምናሉ፣ በመጨረሻ እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪ እንደ ጌታ ወግ ሊቀጧቸው ይዘምታሉ፤ ዘመቻው ተገልብጦ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች ጌታቸውን ይማርካሉ። አንባቢ እዚህ ላይ ይስቃል። መሸሻ ጉራቸውና ዘራቸው አንድ ላይ ሲወድቅ ማየት ያስቃል። በሳቁ መካከል ግን አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠናል። እነዚህ ገበሬዎች ጌትነት ይጥፋ አላሉም። ግብር አንከፍልም አላሉም። ያሉት «እስከዚህ ድረስ» ነው። የለመድነውን እንከፍላለን፣ ከዚያ ያለፈችው ግን፣ ጭብጦም ብትሆን፣ አትሄድም። ይህ የአመፅ ቋንቋ አይደለም፣ የወሰን ቋንቋ ነው። ሽፍታ የጌታን ንብረት ይፈልጋል። አበጀ በለው ግን የፈለገው ጌታው የሚቆምበትን መስመር ነው።

ይህን ደራሲው ከሌላ አገር ያመጡት ነው እንዳይባል፣ መጽሐፉ በወጣ በ2 ዓመቱ ጎጃም ራሱ ልቦለዱን ደገመው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ሞጣና ዳሞት፣ ቢቸናም ጭምር፣ እምቢ አሉ። የዚያን ዘመን ሰው ስትጠይቀው ስለ ብሩ ብዛት ብዙ አይነግርህም። የሚነግርህ ስለ ገመዱ ነው፤ ስለ ቀላዱ። ዛሬ ገማች መጥቶ ማሳህን በዓይኑ ካየ፣ ነገ ለኪ ገመድ ይዞ ይመጣል፤ ገመድ ከመጣ ርስት አለቀ። ለጎጃም ገበሬ ርስት ማለት መሬት ብቻ አልነበረም። ርስት ማለት ጌታ ሊያልፈው የማይችል አጥር ነበር፤ ባለ ጉልቱ ግብር ይበላል እንጂ ባለ ርስቱን ከአባቱ አጥንት አይነቅልም። የተነካችው ጭብጦ ትንሽ ነበረች፤ የተሰጋው ግን ለአጥሩ ነበር።

መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ግን ወደ ኋላ ያለው መንግሥት ነው። ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ገብሩ ታረቀ ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬዎች አመፅ በጻፈው መጽሐፍ ይህን የጎጃም ዓመፅ ሰፋ አድርጎ አጥንቶታል፤ ማንበብ ለሚሻ እዚያ አለ። ለእኔ ክርክር የሚበቃው ይህ ነው፦ አበጀ በለው በልቦለድም በታሪክም አሸንፏል።

አሸንፎስ ምን አገኘ?

እዚህ ላይ ልቦለዱን መተቸት አለብኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጌታውን ውርደት በሚያምር ሁኔታ ካሳዩን በኋላ ታሪኩ ወደ ፍቅሩ ይመለሳል። የአበጀ በለው ድል የአንድ ጌታ ሽንፈት ሆኖ ይቀራል። ነገ ሌላ መሸሻ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሌላ አበጀ ካልተወለደስ? በእውነተኛው ታሪክም እንዲሁ ነው። ጎጃም በ1934 ዓ.ም. የወጣውን የመሬት ግብር ተቃወመ፣ በ1960ም እንደገና ተነሣ። ወሰኑ በየጊዜው በአዲስ ደም ይገዛል። እምቢታ አጥር ነው፤ ግን በእሾህ የተሠራ አጥር በየክረምቱ ይበሰብሳል፣ በየበጋው ይታደሳል። አጥር የሚያድስ ወጣት ያለቀበት መንደር ምን ይሁን?

ነገሩን ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር ማነጻጸር የሚጠቅመው ለዚህ ጥያቄ ነው። አጋጣሚ ሆኖ ደራሲው ራሳቸው ያንን አገር ከውስጡ ያውቁታል። ከጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተነሥተው፣ የጣልያንን እስር ቤት አልፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በዋሽንግተን ኢትዮጵያን ወክለዋል። የአበጀን ክርክር ከዚያ ቀዱት ማለቴ አይደለም፤ የአበጀ ክርክር የጭብጦዋ ተረት ነው፣ ጎጃም ከዋሽንግተን ሊማረው አይችልም። ግን ሁለቱን አገር ያየ ሰው የጻፈውን ሁለቱን አገር አስተያይቶ ማንበብ ነውር አይሆንም።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው አበጀ በለው ነበራቸው። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የተዋጉ ገበሬዎች ወደ ማሳቸው ሲመለሱ ዕዳና ግብር ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1786 በምዕራብ ማሳቹሴትስ፣ ዳንኤል ሼይስ የሚባል የቀድሞ የጦር መኮንን ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ፣ ገበሬዎች ፍርድ ቤቶቹ እንዳይሠሩ ዘጉ። አመፁ በጦር ተበተነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1787፣ 55 ሰዎች ፊላደልፊያ ላይ ተሰበሰቡ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበር።

እነዚህ ሰዎች የተሰበሰቡት ሥልጣንን ለማጥበብ ብቻ አልነበረም። ይህን ብዙ ጊዜ አሳስተን እናወራዋለን። ከዚያ በፊት የነበራቸው መንግሥት እጅግ ደካማ ነበር፤ ግብር እንኳ በራሱ መሰብሰብ አይችልም፣ ግዛቶቹን ይለምናል። የሼይስ አመፅ ደግሞ አስደንግጧቸዋል። ስለዚህ የሚሠራ፣ ጡንቻ ያለው መንግሥት ፈለጉ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው፦ ጡንቻ የሰጠኸውን አካል ጭብጦህን እንዳይነካ በምን ታስቆመዋለህ?

መልሳቸው ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ለኮንግሬስ የሚፈቀደውን ሥልጣን ዘርዝረው ጻፉ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ 8ኛው ክፍል ላይ ተራ በተራ ተቀምጧል። ያልተዘረዘረው አልተሰጠም፤ ይህም በኋላ በ10ኛው ማሻሻያ በግልጽ ታሰረ። ሁለተኛ፣ ሥልጣኑን ከፋፍለው አንዱ ያለ ሌላው እንዳይራመድ አደረጉ። የግብር ሕግ ከተወካዮች ምክር ቤት ይመነጫል፣ ሴኔት ካላጸደቀው አያልፍም፣ ፕሬዚዳንቱ ሊመልሰው ይችላል፣ ምክር ቤቶቹ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያሸንፉታል። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ይሾማል፣ ሴኔት ካልተስማማ ሹመቱ ይቀራል፣ ከተሾመ በኋላ ግን ፕሬዚዳንቱ ሊያወርደው አይችልም። ሦስተኛ፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ የሚከሰስበትን መንገድ አበጁ። ሰማዩን አረሱት ማለት ነው።

ይህን ለማስረዳት አሌክሳንደር ሐሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ በኒው ዮርክ ጋዜጦች ላይ በአንድ የብዕር ስም 85 መጣጥፍ ጻፉ። ዛሬ ቅዱስ መጽሐፍ መስሎ የሚጠቀሰው የፌዴራሊስት ጽሑፍ በጊዜው የጋዜጣ ሙግት ነበር። ከነዚያ ውስጥ 51ኛው ከእኛ ጉዳይ ጋር በጣም ይገናኛል። ሐሳቡ በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፦ ሹም መልአክ ይሆናል ብለህ ቤት አትሥራ። ሹም ሥልጣን ይወድዳል፤ ይውደድ። የአንዱን ሹም ፍላጎት በሌላው ሹም ፍላጎት አስረው። የራሱን ድርሻ ለመጠበቅ ሲል የሌላውን እጅ ይይዛል፤ አንተ ሳትሰማ፣ ሳትሞት።

ልዩነቱ ይህ ነው። አበጀ በለው የመሸሻን እጅ ለመያዝ ራሱ ጠመንጃ አንሥቶ መውጣት ነበረበት። የማዲሰን ብልሃት ግን መሸሻን የሚይዘው ሌላ መሸሻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

«ይህማ ዘመነ መሳፍንት አይደል ወይ?» የሚል አይጠፋም። በዚያ ዘመንም ሥልጣን ተከፋፍሏል፣ ራሱ ከደጃዝማቹ፣ ደጃዝማቹ ከፊታውራሪው ይጣላል። አይደለም። ያን ጊዜ የተከፋፈለው አገሩ ነበር እንጂ ሥልጣኑ አልነበረም። እያንዳንዱ መስፍን በያዛት ቁራሽ ላይ ሙሉ ሰማይ ነበር። ገበሬው አንድ የማይከሰስ ንጉሥ በመያዝ ፈንታ አሥር የማይከሰስ ጌታ ያዘ። ሥልጣንን መበተንና ሥልጣንን መወሰን ለየቅል ናቸው፤ ዛሬም ስለ ፌዴራሊዝም ስንከራከር ሁለቱን እያምታታን ነው የምንጣላው።

እኛስ በጽሑፍ የተቀመጠ ወሰን አልነበረንም? ነበረን። መርጡለ ማርያም ለዚህ ደህና ቦታ ናት። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ አበባ የተቀረጸበት ድንጋዩ፣ ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሟል። እሌኒ የሕፃኑ ንጉሥ የልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። በእንዲህ ያሉ አድባራት ነገሥታት ጉልት ሲሰጡ ስጦታውን በወንጌል ኅዳግ ላይ ያጽፉ ነበር። በመጨረሻም ግዝት አለበት፦ ይህን የሻረ፣ ንጉሥም ቢሆን ሹም፣ በሥላሴ ስም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። ልብ በሉ፤ ንጉሡ የገዛ ተተኪውን በጽሑፍ እያሰረ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐሳቡ ከፊላደልፊያ ብዙም አይርቅም።

የሚርቀው ጠባቂው ነው። የግዝቱ ጠባቂ ሕሊና ነው፤ የሚፈራ ንጉሥ ይቆማል፣ የማይፈራ ያልፋል። የአበጀ ወሰን ጠባቂው ጀግንነት ነው፤ ጀግና ሲጠፋ ወሰኑም ይጠፋል። ፊላደልፊያዎች ያደረጉት ሕሊናም ጀግንነትም ቢጠፋ ቤቱ ለጊዜው እንዲቆም መሞከር ነው። ለጊዜው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ምሰሶው ሁሉ ከአንድ ወገን ሆኖ ሲያዘነብል የትኛውም ቤት ይዘምማል።

ከዚያ ወዲህ ሕገ መንግሥት ጽፈናል፤ አንዴም አይደለም። የ1923ቱን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጃፓንን አብነት ይዘው አረቀቁት። የ1948ቱ ሲሻሻል ጆን ስፔንሰር የተባሉ አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ ነበሩበት። የሰው መብት የተዘረዘረበት ምዕራፍ አለው፣ የሚመረጥ ምክር ቤት አለው። ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይገሠስ ነው ይላል። የበቅሎዋና የሰማዩ ተረት በአንድ ጥራዝ ታሰሩ፤ የበላችው የሰማዩ ናት። ጎጃም በ1960 በቦምብ ሲደበደብ ያ ሁሉ የመብት አንቀጽ በቦታው ነበር። ወረቀቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ወረቀቱን የሚያስከብር፣ ለራሱ ድርሻ የሚቆጭ ሁለተኛ እጅ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በዚሁ መመዘኛ ይታይ። አንቀጽ 93ን ውሰዱ፣ የአስቸኳይ ጊዜውን። ሥራ አስፈጻሚው ያውጃል፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል፣ 7 አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይከታተላል። በወረቀት ሲታይ መጠባበቅ አለው። ነገር ግን ቦርዱን የሚያቋቁመው አዋጁን ያጸደቀው ያው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን የሚመራው ደግሞ አዋጁን ያወጀው ፓርቲ ነው። ምንም ቢመጣ አይነኩም ተብለው በስም በተዘረዘሩት አንቀጾች ውስጥ አንቀጽ 15፣ በሕይወት የመኖር መብት፣ የለም። አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጉዳይ ሲወጣ፣ ለ6 ወር ተባለ፤ ከዚያ በ4 ወር ተራዘመ። ያን ዓመት ጎጃም ውስጥ የነበረ ሰው ይህ የሕግ ትምህርት ቤት ክርክር እንዳልሆነ ያውቃል። «በሕግ አምላክ» ብሎ የሚጮኽ ሰው የሚሰማው ጆሮ ያስፈልገዋል። አለዚያ የቀረው መንገድ የአበጀ መንገድ ነው። የአበጀ መንገድ ደግሞ ስንት ልጅ እንደሚበላ አይተናል።

ይህን ሁሉ ብዬ አሜሪካኖቹን ጻድቅ አድርጌ ብተው ጉዱ ካሣ ከመቃብር ተነሥቶ ይስቅብኛል። አበጀ በለው የሚጠይቀው «እስከ የት?» ብሎ ነው። ካሣ ግን «ለማን?» ይላል። በዘርና በማዕረግ ላይ የተሠራው ቤት ራሱ ጠማማ ነው ባይ ነው። ፊላደልፊያ የተቀመጡት ሰዎች ለአበጀ ጥያቄ ብልህ መልስ ነበራቸው፤ ለካሣ ጥያቄ ግን አሳፋሪ መልስ ሰጡ። ባሪያው ለውክልና ሲቆጠር ሦስት አምስተኛ ሰው ሆነ፤ የባሪያ ንግድ እስከ 1808 ድረስ እንዳይከለከል ታሰረ። ማዲሰንም ዋሽንግተንም ባለ ባሪያ ነበሩ። የመንግሥትን እጅ ከጌታው ደጅ የሚመልሰው አጥር ባሪያውንም በውስጡ ቆልፎበታል። የእኛም ርስት እንዲሁ ነበር፦ ለባለ ርስቱ አጥር፣ መሬት ለማይደርሰው ለሸማኔውና ለቀጥቃጩ ግን ግድግዳ። ወሰን ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ከሆነ ከእድልነት አያልፍም።

ስለዚህ ልቦለዱ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ማስቀመጡ ትልቅነቱ ነው። ሁለቱን ጥያቄ አጋጥሞ አለማናገሩ ደግሞ ጉድለቱ ነው እላለሁ። ካሣ ከአበጀ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ ቢያወራ ምን ይባባሉ ነበር? አንዱ ወሰኑን ያውቃል፣ ሌላው ለማን እንደሚገባ ያውቃል፤ ሁለቱም ግን ሲነጋ ማን እንደሚጠብቀው አያውቁም። ደራሲው ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ርእሱን ብቻ እዩት። ማን ይግዛን አይልም፤ ምን ዓይነት አስተዳደር ይላል። ልቦለዱ ውስጥ ሳይነገር የቀረው ወሬ ጥያቄ ሆኖ የወጣ ይመስለኛል። በዚያው ዓመት አብዮቱ መጣ፤ እኛም ወደለመድነው ጥያቄ ተመለስን፦ ማን ይውረድ፣ ማን ይውጣ።

ዛሬም እዚያው ነን። መሸሻን ማርከን እንስቃለን፣ እንፎክራለን፣ ከዚያ የራሳችንን መሸሻ እናነግሣለን። ገበያ ላይ «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆመውን ዱላ ካየሁ ወዲህ ግን ሕዝቡ ነገሩን አያውቀውም የሚለውን ክርክር አልቀበልም። ያውቀዋል። በቅሎውን ለሕግ ሰጥቶ ለጭብጦው ይሟገታል። የቀረው ያ ዱላ የመንግሥት ሲሆንም የሚቆምበትን ቤት መሥራት ነው፤ ያን ደግሞ ጀግናም ግዝትም ብቻውን አይሠራውም።